ስንት ብላችሁ አነበባችሁ?

አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ፤ ስለ አንድ ፋክስ ላውራችሁ።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም ነው። እኔ ተመርቄ የተመደብኩበት ሆስፒታል ግን ከዓመታት በኋላም የነበረው አንድ የስልክ መስመር ብቻ ነው። የመድኃኒት ጥያቄ በእጅ ይጻፋል፣ በፋክስ ወደ ማከማቻው ይላካል። በወባ ወቅት 800 አምፑል ኩዊኒን ጠየቅሁ፤ የመጣው 300 ነው። ፋክስ የሚልከው ቁጥሩን ሳይሆን የወረቀቱን ምስል ነውና፣ መስመሩ ሲንኮሻኮሽ 8ቱ ተበላሽቶ 3 መስሎ ወጥቷል። ከአጎራባች ጤና ጣቢያ እየተበደርን ወቅቱን አለፍን፤ እኔ ግን ስንት አምፑል ቀረ እያልኩ ስቆጥር ነበር የማድረው። ጥፋቱን ለማሽኑ ብቻ አልሰጥም። ደውዬ «ስንት ብላችሁ አነበባችሁ?» አላልኩም።

መላውን ያመጣው የሆስፒታሉ ስታትስቲክስ ሠራተኛ ነው። «ዶክተር፣ ፋክስ የሚልከው የኮምፒዩተራችን ሞደም እኮ ፋይልም ይልካል» አለኝ። በወዲያኛው ጫፍ ግን ፋክስ ማሽን ሳይሆን ሞደም ያለው ኮምፒዩተር መኖር አለበት። በስልክ ሰዓት እንቀጣጠራለን፤ እነሱ ኮምፒዩተሩን ጥሪ እንዲቀበል ያዘጋጃሉ፣ እኛ በሃይፐርተርሚናል እንደውላለን። ሁለቱ ሞደሞች ጥቂት ይንጫጩና ይግባባሉ። ከዚያ ዜድሞደም የሚባለው ዘዴ ፋይሉን ቆራርጦ ይልካል። እያንዳንዱ ቁራጭ የማረጋገጫ ቁጥር አለው፤ ካልተመሳከረ ድጋሚ ይላካል። መስመር ቢቋረጥም ካቆመበት መቀጠል ይቻላል። በሴኮንድ 14,400 ቢት በሚልክ ሞደም አንድ ሙሉ ፍሎፒ ዲስክ 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የእኛ የኤክሴል ሠንጠረዥ ግን ደቂቃም አይሞላም። ከዚያ ወዲህ የላክነው ቁጥር እንዳለ ደረሰ።

ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ኢንተርኔት አለ። ግን ምን እናደርጋለን? በእጅ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን። እሱ እኮ ያው ፋክስ ነው! ሁለቱ የራይት ምልክቶች መልእክቱ መከፈቱን ይናገራሉ እንጂ፣ አንባቢው 0.5 ይበል 5 አይናገሩም።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ኢንተርኖቹ ዶዝ ሲያስተላልፉ፣ በስልክም ይሁን በጽሑፍ፣ ተቀባዩ መልሶ እንዲያነብላቸው አስለምዱልን። እኔ ይህን የተማርኩት በጎደሉት 500 አምፑሎች ነው።