አንዲቷ «ኤስ»
(በአባላት ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



የቁጠባ ሪፖርታችንን በእንግሊዝኛ ስጽፍ «ዘ ሜምበር ፔይ» ብዬ ላክሁ። ለጋሾቻችን «የምትከፍለው አንዲት አባል ናት ወይስ ሁላችሁም?» ብለው ጠየቁን። ሂሳቡ ልክ ነበር፤ የጎደለችው አንዲት «ኤስ» ናት። የሁላችሁ ልፋት በእኔ ስህተት ጥያቄ ውስጥ በመግባቱ አፈርሁ።

እኛ በአማርኛ «እከፍላለሁ፣ ትከፍያለሽ፣ ትከፍላለች፣ ይከፍላሉ» እያልን ግሱን ለየባለቤቱ እንለውጣለን። እንግሊዝኛ በዚህ ይቀላል። በአሁን ጊዜ አብዛኛው ግስ «ኤስ» የሚጨምረው ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ»፣ ለ«ኢት» ወይም ለነጠላ ስም ብቻ ነው፦ «ሺ ፔይስ»። ለ«አይ»፣ ለ«ዩ»፣ ለ«ዊ» እና ለ«ዘይ» «ፔይ» ይበቃል።

ስለዚህ አንዲት አባል ስትሆን «ዘ ሜምበር ፔይስ»፣ ብዙ ሲሆኑ «ዘ ሜምበርስ ፔይ» ነው። «ኤስ»ን ከስሙ ላይ ብቻ አትፈልጉ፤ «ዊሜን» ያለ «ኤስ» ብዙ ነው፤ «ዊሜን ሴቭ» እንላለን። መጀመሪያ «አንዲት ናት ወይስ ብዙ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከባንክ ገንዘብ የምናወጣው በሁለት ፊርማ ነው። ሪፖርታችንም ከእንግዲህ ሁለት ሰው አንብቦት ይውጣ። የመጀመሪያዋ ታራሚ እኔ ነኝ።