የሕግ ተማሪና የቅሬ ገንዘብ



በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና ቀበሌዎች ሰው ሲሞት አስቀድሞ የሚጠራው ቅሬ ነው። ሸዋ ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ መቃብር ያስቆፍራል፤ ለቅሶኛ ያስተናግዳል፤ ከቀብር የቀረውን አባል ይቀጣል፤ የተጣላውንም ያስታርቃል። ዳኛ አለው፤ ደንብ አለው፤ ገንዘብም አለው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው በሕግ ፊት የራሱ የሆነ ሰውነት ነው።

ይህ ጉድለት በደኅናው ቀን አይታይም። የመዋጮው ገንዘብ በገንዘብ ያዡ ስም በባንክ ተቀምጦ ሳለ ገንዘብ ያዡ ሞተ እንበል። ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ወደ ባንክ ይሄዳሉ። ትናንት አባታቸውን የቀበረው ቅሬ ዛሬ ልጆቹን መክሰስ ግድ ይሆንበታል፤ ግን ማን ሆኖ ይከሳል? በፍርድ ቤት ደጃፍ ያለው ራፖር ጸሐፊ ዋጋውን ተቀብሎ «ከሳሽ፦ የእገሌ ሰፈር ቅሬ» ብሎ ይጽፍለት ይሆናል። ተከሳሹ በመጀመሪያ የሚያነሣው መቃወሚያም ይኸው የከሳሹ ስም ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 404 ማኅበር የሚለው ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የተቋቋመውን የሰዎች ስብስብ ነው። ቅሬ ከዚህ ትርጓሜ አይወጣም። ይሁን እንጂ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን የመሳሰሉትን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቷቸዋል። ነፃነታቸውን ለመጠበቅ ታስቦ ከሆነ መልካም ነው፤ ሆኖም በዚያ አዋጅ ተመዝግቦ ሰውነት የማግኘቱ በር ለቅሬ ተዘጋ ማለት ነው።

የተማሪው አገልግሎት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 38 አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች በተስማሙ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ስለ ሁሉም ሊከሱ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ያሻልና ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የአባላቱን ስም መዝግቦ ማስፈረም፣ ገንዘቡ ከመዋጮ የተሰበሰበ መሆኑን ከደረሰኝና ከመዝገብ ለይቶ ማውጣት ግድ ነው። ይህ ሥራ የጥብቅና ፈቃድ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና ጥሩ የእጅ ጽሕፈት ይበቃዋል።

ተማሪ ወደ ገጠር ወርዶ ሕግ ሲያስረዳ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት ተማሪዎች የአዋጅ ቁጥር 31/1967ን ይዘት እያስረዱ የገበሬ ማኅበራትን አደራጅተዋል፤ ማኅበራቱም በአዋጅ ቁጥር 71/1968 የሕግ ሰውነት አገኙ። ያ ዘመቻ ግዳጅ እንጂ በጎ ፈቃድ አልነበረም፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከዚያ በኋላ የባሕር ዳርና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቋቁመዋል። ወደ እንዲህ ያሉ ማዕከላት በብዛት የሚመጣው የቀለብ ወይም የመሬት ጉዳይ ያለበት ግለሰብ ነው፤ ቅሬ ግን ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ደሴ ድረስ አይሄድም። ተማሪው ወደ እርሱ መምጣት አለበት።

ሲመጣም የታተመ ናሙና ደንብ ይዞ ባይመጣ ይሻላል። በናሙናው ላይ ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ያልፋል፤ በቅሬ ግን ሽማግሌዎቹ እስኪስማሙ ድረስ ይመከራል። ተማሪው በድምፅ ብልጫ ብሎ ቢጽፍና ቅሬው በልማዱ ቢወስን፣ ውሳኔው የገዛ ደንቡን የጣሰ ተብሎ እንዲፈርስ መንገድ ይከፍታል። አስቀድሞ መጠየቅ፣ የተነገረውንም እንደ ተነገረ መጻፍ ይገባል።

የጠበቆች ድርሻ ደግሞ ከተማሪው ጀርባ መቆም ነው። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። እንዲህ ካለው የነፃ አገልግሎት ጥቂቱ የተማሪውን ረቂቅ ለማረም ቢውል፣ ቅሬው በተማሪ ስሕተት አይጎዳም። የታረመው ሰነድም በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ በዳኛው፣ ሌላው በአዲሱ ገንዘብ ያዥ እጅ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ተማሪው በሰኔ ይሄዳልና።