የአቮካዶ ችግኝን ከውርጭ መጠበቅና አብሮት የሚተከለውን መምረጥ



ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ለደጋና ለወይና ደጋ ጓሮ ፈታኝ ናቸው። በክረምት ተክላችሁ በደንብ የያዘ የተዳቀለ አቮካዶ በአንድ ሌሊት ውርጭ ሊጠቁር ይችላል። የችግኙ ዋጋም የከረማችሁበት ድካምም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዝግጅታችን ከወዲሁ ይሁን።

አንደኛ፣ ቦታውን እንይ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። አቮካዶን ከተዳፋቱ ወገብ ላይ ትከሉ። ከግርጌው ጥቅጥቅ ያለ አጥር ካለ ብርዱን እንደ ግድብ ያቁረዋልና መውጫ ክፈቱለት።

ሁለተኛ፣ ጎረቤቱን እንምረጥ። ትሪሉሰርን ደጋ ይስማማዋል፤ ነፋስ ይከላከላል፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል፣ መሬቱንም ያዳብራል። ሙዝ ግን ራሱ ውርጭ ስለሚፈራ ጠባቂ አይሆንም። በመስመሮቹ መካከል ብርድ የሚችሉትን ነጭ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ዝሩ ወይም ትከሉ፤ ከግንዱ ግን አንድ ክንድ ያህል ይራቁ። ቲማቲም፣ ድንችና በርበሬ ከአቮካዶ ጋር የሚጋሩት የጠውልግ በሽታ ስላለ አብራችሁ አትትከሉ።

ሦስተኛ፣ ለሌሊቱ እንዘጋጅ። በችግኙ ዙሪያ ቋሚ እንጨት ተክላችሁ በሣር ዳስ ሥሩለት። ክዳኑ ቅጠሉን ሳይነካ እስከ መሬት ይውረድ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በምሥራቅ በኩል ክፈቱለት። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛልና ሰማዩ ከጠራና ነፋስ ከሌለ ከሰዓት በኋላ በልኩ አጠጡ። ውሃ ግን እንዳይተኛበት፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ወፍራም ደረቅ ጉዝጓዝ የአፈሩን ሙቀት ስለሚያፍን በውርጭ ወራት ገለጥ አድርጉት። በዚህ ወቅት ዩሪያ አትጨምሩ፤ የሚያወጣው ለጋ ቅጠል ቀድሞ ይቃጠላል።

ውርጭ ከመታውም ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ጥር አልፎ አዲስ ቡቃያ ሲወጣ ሕያው የሆነው ክፍል ይለያል። ቡቃያው ከተዳቀለበት ቦታ በላይ ከወጣ ችግኙ ተርፏል። ከበታች የወጣው የመረጣችሁትን ዝርያ ስለማይሰጥ ንቀሉት፤ ከላይ ምንም ካልወጣ ችግኙን መተካት ወይም እንደገና ማዳቀል ያስፈልጋል።

በዚህ ሳምንት በየጓሯችሁ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚበርድ ለዩ። ያያችሁትንም ለልማት ቡድናችሁ አባላት አሳዩ። ጎረቤት ችግኙን የሚያድነው ከእናንተ ጓሮ አይቶ ነው።