የልጅ ጠብ ነው ብለን አንለፈው
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን አይደለም፤ ስለ ተማሪ ልጆቻችን ነው። በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ደካማውን ልጅ ለይተው ሲመቱት፣ ሲነጥቁት፣ በቅጽል ስም ሲያሸማቅቁት ብዙዎቻችን «የልጅ ጠብ ነው፤ ማታ ይታረቃሉ» እንላለን። ጠብ በእኩዮች መካከል ተነሥቶ የሚበርድ ነገር ነው። ይህ ግን አቅም ባልተመጣጠነበት፣ በየቀኑ የሚመላለስ ጥቃት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ያህል በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይህን የመሰለ ጥቃት ደርሶበታል።

የምንነግራችሁ ከራሳችን ቤት ያየነውን ነው። ልጃችን አምስተኛ ክፍል ሳለ ሰኞ ጠዋት በመጣ ቁጥር «ሆዴን» ይለን ነበር። ፌጦ በጠበጥንለት፤ ክሊኒክም ወሰድነው፤ ምንም አልተገኘበትም። ደብተሩ ይጠፋል፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል፤ እሱ ግን ርቦት ይገባል። ነገሩን ያስተዋለችው እናቱ ናት፤ ቤት እንደ ደረሰ ቦርሳውን ሳያወርድ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣል። ለካስ ትላልቆቹ ልጆች በትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር ላይ ስለሚጠብቁት ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውል ኖሯል!

ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሊነግረን ጀምሮ ነበር። «አንተስ እጅ የለህም? ወንድ አይደለህም?» ብለን ተቆጣነው። ሁለት ወር ሙሉ ዝም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እንዲደብቅ ያደረግነው ግን እኛው ነበርን።

እኛ እድርተኞች ለቅሶ ቤት ስንገባ ኀዘንተኛውን አንመረምርም፤ አጠገቡ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን። ለልጅም የሚያስፈልገው መጀመሪያ ይኸው ነው። «ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ ስለ ነገርከን ደግ አደረግህ» እንበለው። ቀጥሎ ቀኑን፣ ቦታውንና የሆነውን በወረቀት ጽፈን ወደ ክፍሉ ኃላፊ መምህር እንሂድ፤ ካልተቻለም ወደ ርዕሰ መምህሩ። ምን እንደሚደረግ ጠይቀን፣ በሳምንቱ ተመልሰን እንይ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ስለዚህ መጠየቃችን ልመና አይደለም።

የሌላውን ልጅ መንገድ ላይ ጠብቀን አንምታ። ሁለቱን አቁመንም «ተሳሳሙ፣ ታረቁ» አንበል፤ የተበደለው እየፈራ ይስማል፣ ነገ ደግሞ ይመታል። እኛ ዘንድ መፍትሔ የሆነው በዕረፍት ሰዓት አንድ መምህር በዚያ በር አካባቢ እንዲቆም መደረጉና ልጃችን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ምሳውን እንዲበላ መደረጉ ነው። የሰኞውም የሆድ ቁርጠት በዚያው ቀረ።

አጥቂውም የአንዳችን ልጅ ሊሆን ይችላል። ያልገዛነው እስክሪብቶ፣ ያልሰጠነው ገንዘብ በልጃችን ኪስ ሲገኝ እንጠይቅ። ጎረቤት «ልጅህ ልጄን አስቸገረብኝ» ብሎ ሲመጣም አንቀየመው።

እድር የተቋቋመው ለክፉ ቀን ነው። ለልጅ ክፉ ቀን ግን ጥሩምባ አይነፋም፤ ድንኳንም አይተከልም። ማታ በር ሲከፍት ፊቱን አይተን ካላወቅንለት ሌላ ማንም አያውቅለትም።