የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍና የወላጅ ፈቃድ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በባሌ ምሥራቃዊ ቆላ ወደሚገኘው ወደ ሼክ ሁሴን በየዓመቱ በዐረፋና በመውሊድ እጅግ ብዙ ሕዝብ ለዘያራ እንደሚጎርፍ የታወቀ ነው። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከወሎም ሳይቀር ባላ በትራቸውን ይዘው በእግር የሚመጡ አሉ። ከእነዚህም መካከል የታመመ ልጅ አዝለው ፈውስ ፍለጋ የሚደርሱ እናቶች አይታጡም። የተሰበሰበውን ሕዝብና በኖራ የነጣውን ግንብ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚያስነቅፍ አይደለም። የስልኩ ካሜራ አንዲቱን እናትና በጀርባዋ ያለውን ሕመምተኛ ከሕዝቡ ለይቶ ለፌስቡክ ሲያበቃ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 ደግሞ በአደባባይ የተደረገ በዓልንና ለሳይንስ ወይም ለትምህርት የሚሰጥ ጥቅምን የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። በዚህ ልዩ ሁኔታ ሥር ለመጠለል የሚሻ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የአደባባይ የሆነው በዓሉ ነው እንጂ የሕፃኑ ሕመም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል መድቦታል።

ሕፃኑ ከዘያራው ተመልሶ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሕክምና ቦታ ቢወሰድም ጥያቄው ይከተለዋል። ሐኪም የቁስሉን ሁኔታ ለመከታተል ፎቶግራፍ ቢያነሣ ሥራው ነው። ነገር ግን ለማንሣት መፍቀድና ለማሰራጨት መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። እናቲቱ «ቶሌ» ያለችው ለየትኛው ነው? ልጅዋ ገና ሳይታከም ተጠይቃ ከሆነ፣ እንቢ ብትል ሕክምናው የሚቀርባት ሊመስላት ይችላል። ወረቀቱ በማታነበው ቋንቋ ተጽፎ፣ በአፋን ኦሮሞም ሳይብራራላት የአውራ ጣቷን አሻራ ብታሳርፍ ፈቀደች ለማለት ያስቸግራል።

በዚህ ላይ የመሐንዲሱ ሙያ የሚጨምረው ነገር አለ። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ምስል ብቻ አይደለም፤ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የቦታ ጠቋሚው ከተከፈተም ኬክሮሱና ኬንትሮሱ አብሮት ይመዘገባል። ቴሌግራም ፎቶግራፉ በተለመደው መንገድ ሲላክ ይህን መዝገብ ያስቀራል፤ በፋይልነት ሲላክ ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ላኪው ኋላ ቢያጠፋውም ሌሎች በየስልካቸው ያስቀሩትን ቅጂ ሊሰበስብ አይችልም። ፈቃድ የተጠየቀ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ዓይኑን በጥቁር መስመር መሸፈንም (ብዙዎች የሚመኩበት ዘዴ ነው) እምብዛም አይረዳም፤ በሮቤ ገበያ የእናቲቱን ሻሽ ለሚያውቅ ጎረቤት የሕፃኑ ዓይን ምኑ ነው?

ፎቶግራፍ በጎ ነገር ማስገኘቱ አይካድም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የካናዳ ቴሌቪዥን በትግራይ የቀረጻት፣ ለሞት የተቃረበችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ ታይታ የብዙዎችን ልብ ነክታለች። ድና አድጋም በ1997 ዓ.ም. ለንደን ላይ በላይቭ ኤይት መድረክ ቀርባለች። ሆኖም ዓለም ያወቃት ፈቃድ ለመስጠት በማትችልበት ዕድሜ በተወሰደው ምስል ነው። በአውሮፓ የሚገኙ የርዳታ ድርጅቶች በ1981 ዓ.ም. ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቁት ያ ረኃብ ያስነሣውን ክርክር ተከትለው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ወላጁ ራሱ ለሕክምና ገንዘብ አጥቶ «አውጡልኝ» ያለ ጊዜ ነው። የተቸገረን ሰው በሕግ አንቀጽ መመለስ ጭካኔ ይሆናል። ግን ለጋሹን ለማሳመን የሐኪም ደብዳቤና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ የሕፃኑ ፊት የግድ አያስፈልግም። ወላጁ አሁንም ይውጣ ቢል፣ የት እንደሚወጣና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይጻፍ። ነፍስ ያወቀ ልጅ ከሆነም እርሱ ራሱ ይጠየቅ። በፈቃዱ ወረቀት ግርጌ፣ ልጁ ድኖ ፎቶግራፉ እንዲነሣለት የፈለገ ቤተሰብ የሚደውልበት የስልክ ቁጥር ይኑር፤ ቅጂውም በወላጁ እጅ ይቅር።