ልጅ ከሕመም ሲነሳ፦ የሁለት ሳምንት አደራ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ልጅ ታሞ ሲነሳ ምን እናብላው በሚለው ላይ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በጤና ጣቢያ ስሠራ ታውቁኛላችሁ። በእነዚያ ዓመታት እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ፣ «ልጄ ድኗል፤ ግን ከስቶብኛል። ምን ቪታሚን ልግዛለት?» የሚል ነበር።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ከሕመም የተነሳ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከወትሮው በተጨማሪ በቀን አንድ ጊዜ መብላት ነው። ይህም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ሳይቋረጥ።

ለምን? እኛ የቁጠባ ሰዎች ነንና በምናውቀው ላስረዳ። የልጅ ሰውነት እንደ ቁጠባ ደብተር ነው። ትኩሳት ሲይዘው ካጠራቀመው ያወጣል። ተቅማጥ ሲይዘው ያወጣል። ምግብ ሲጠላ ደግሞ የሚገባ የለም። «ዳነ» ስንል ወጪው ቆመ ማለታችን ነው እንጂ የወጣው ተመለሰ ማለታችን አይደለም። የወጣው ሳይመለስ ሌላ ሕመም ከመጣ ከባዶ ሣጥን ነው የሚወጣው። ልጆች በየጊዜው እየታመሙ፣ ሳያገግሙ እንደገና እየታመሙ ነው ቁመታቸው የሚቀረው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። መቀንጨር ቁመት ብቻ አይደለም፤ ትምህርት የመቀበል አቅምንም ይነካል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ሕመሙ ሲለቀው የልጁ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ በደንብ ከበላም ሰውነቱ የቀረበትን ለማካካስ ከወትሮው ፈጥኖ ያድጋል። ይህ ጊዜ እንዳያመልጠን ነው ዛሬ የምለምናችሁ።

መጀመሪያ ግን በሕመሙ ጊዜ። ጡት የሚጠባ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ምግብ የጀመረውን በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግመን እናብላው። «ተቅማጥ ይዞታልና ሆዱ ይረፍ» ብሎ ምግብ መከልከል ልጁን ይጎዳዋል። ለተቅማጥ ከጤና ኬላ ኦአርኤስና ዚንክ ተቀበሉ። ኦአርኤሱን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ፣ አፍልታችሁ ባቀዘቀዛችሁት ውሃ በጥብጡት፤ 24 ሰዓት ካለፈው ድፉት። ዚንኩ ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም የተሰጣችሁ ሳያልቅ አይቋረጥም። ዚንክ ሕመሙን ያሳጥራል፣ በሚቀጥሉት ወራትም ተቅማጥ ቶሎ እንዳይመለስ ይረዳል።

አሁን ወደ ቪታሚን ልመለስ። ቪታሚን አያስፈልግም አላልኩም። ቪታሚን ኤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ በነጻ ይሰጣል፤ አታስመልጧቸው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ደግሞ ቪታሚን ኤው ስለሚሟጠጥ ዓይኑ እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ለሁለት ቀን በተከታታይ ይሰጠዋል። በራሳችን ፈቃድ ደራርበን ግን አንሰጥም፤ ሲበዛ ይጎዳል። «ሰውነት ይመልሳል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው ሽሮፕስ? ጉልበትና ሥጋ የሚሆነው እህል፣ ጥራጥሬ፣ እንቁላልና ቅባት ነው። ሐኪም ካላዘዘው በስተቀር፣ የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ራሳችሁ አስሉት።

እንግዲህ ወደ ማጀታችን እንግባ። ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ስታዘጋጁ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ አድርጉ። እህሉ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ጤፍ ወይም በቆሎ፣ ጥራጥሬው ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ምስር ሊሆን ይችላል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ይሁን። የቀጠነ ሙቅ የልጁን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጠውም። ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩበት። ቅባቱ ጉልበት ይሆናል፤ በጎመን፣ በካሮት፣ በዱባና በቢጫ ስኳር ድንች ውስጥ ያለው ቪታሚን ኤም ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። እንቁላል ከተገኘ አንድ፣ ካልተገኘ ወፈር ያለ ሽሮ ወይም የምስር ክክ ይሁን። ከምግቡ ጋር ብርቱካን፣ ፓፓያ ወይም ማንጎ ቢያገኝ በጎመኑና በምስሩ ያለው አይረን በደንብ ይገባለታል። ሻይ ግን ይህንኑ አይረን ስለሚይዝ ለልጅ ከምግብ ጋር አይሰጥ። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይቅመስ።

ልጁ የራሱ ሳህን ይኑረው። ከታላላቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ ስንት እንደጎረሰ አናውቅም፤ የደከመ ልጅ ደግሞ ይቀደማል። እያጫወታችሁ፣ እየታገሣችሁ አጉርሱት እንጂ አታስጨንቁት። እጃችሁንም የእሱንም እጅ በሳሙና ታጠቡ።

የጾም ነገርም አለ። ድስቱ እንዳይነካካ ብለን በጾም ቀን ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት የምንተው አለን። ሕፃንም ሕመምተኛም ጾም አይገደድም፤ የሃይማኖት አባቶችም የሚሉት ይህንኑ ነው። የሚያሳስባችሁ ድስቱ ከሆነ ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ለዩለት።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ልጁ ካልጠጣ ወይም ካልጠባ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከስቶ ካልመለሰ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክንዱን ትለካው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ በቤት ምግብ ብቻ የሚድን አይደለም፤ ሕክምና ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ልጅ ሲታመም ማኅበራዊ መዋጯችን ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት ይደርሳል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እናትየዋ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ እርዳታችን ያበቃል። እሷ ግን ሥራ ፈታ፣ እጇ ባዶ ሆኖ የምትገኘው ልክ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ሳምንት ምግብም እንጨምርላት እላለሁ። ዶሮ ያላችሁ እንቁላል፣ ወፍጮ የምትሄዱ ዱቄት፣ ጓሮ ያላችሁ ጎመን ብታዋጡ ለማንኛችንም አይከብድም። ደግሞም ዛሬ የሰጠች ነገ ትቀበላለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ተወያይተን እንድንወስን አደራ እላለሁ።

ልጆቻችንን ጤና ያድርግልን።