መድኃኒቱ ራሱ አእምሮን ሲያውክ
(ለሕክምና ተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በፅኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ አንድ በሽተኛ እናስብ። ደሙ በተሕዋስያን ተመርዟል፤ ኩላሊቱም ደክሟል። ሴፌፒም የተባለው አንቲባዮቲክ ከተጀመረለት ወዲህ ትኩሳቱ በርዷል፤ ቤተ ዘመዱም ተስፋ አድርጓል። በአራተኛው ቀን ግን ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ እጁ እንደ ደነገጠ ሰው ድንገት ድንገት ይወራጫል፤ ቆይቶም ቢጠሩት አይመልስም። እኛም «በሽታው ጸናበት» ብለን ያንኑ መድኃኒት እንቀጥላለን። እርግጥ የደም መመረዝ ራሱ አእምሮን ያውካል። ነገር ግን ጥፋተኛው መድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችል ካላሰብን በሽተኛውን በገዛ እጃችን እንጎዳዋለን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጋባ የሚባለው ንጥረ ነገር የአንጎል ነርቮች ከልክ በላይ እንዳይነሣሡ የሚገታ ልጓም ነው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ፣ ሴፌፒምም ጭምር፣ ይህን ልጓም ያላላሉ። ፔኒሲሊን በቀጥታ በአንጎል ላይ ሲደረግ መንፈራገጥን እንደሚያስከትል ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ሴፌፒም ከመቶ 85 ያህሉ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ኩላሊት ሲደክም ግን በደም ውስጥ ይከማቻል። ሲበዛ ማርም ይመራል እንደሚባለው ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2012 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ባወጣ ጊዜ፣ ሴፌፒም ሲወስዱ ሰውነትን ሳያንፈራግጥ የሚቆይ የሚጥል በሽታ የያዛቸው 59 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከነዚህ 58ቱ ኩላሊታቸው የደከመ ነበር፤ 56ቱም መጠኑ በሚገባ አልተቀነሰላቸውም። እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያረጋግጠው የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በሌለበት ግን ሦስት ነገሮች ይመሩናል፤ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን፣ የሚሰጠው መጠንና የዛሬው የክሬአቲኒን ውጤት።

መድኃኒቱን እንዲሁ አቋርጡ ማለቴ አይደለም፤ ያልታከመ የደም መመረዝ ይገድላል። መጠኑን መቀነስ ወይም በሌላ መተካት የከፍተኛ ሐኪሞች ውሳኔ ነው። ብዙዎች መድኃኒቱ ከቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ልባቸው ይመለሳሉ።

የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ጥያቄውን ማንሣት ነው። ነገ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ስንቆም «ኩላሊቱ ዛሬ እንዴት ነው? መጠኑስ ከኩላሊቱ ጋር ይስማማል?» ብለን እንጠይቅ። መምህራኖቻችንም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብን በትሕትና እለምናለሁ።